ሦስተኛዋ ጣሳ

የልጅ ልጄ እንጨት ስትፈለፍል ራሷን ትቀርጻለች። ስልኳን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ትሰካና እጅጌዋን ሰብስባ፣ መሮዋን ይዛ ትጀምራለች። ማንኪያም ሆነ ወፍ፣ ከመጀመሪያው ቅርፊት እስከ መጨረሻው ቅባት ድረስ ይቀረጻል። እንዴት እንደተሠራ ማስረጃ ይቀራል ትላለች፤ ሰውም አይቶ ይገዛታል። እኔ ከጎኗ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እሰጋለሁ። መሮው አውራ ጣቷን እንዳይቀርፈው እሰጋለሁ። ብናኙ ሳንባዋ እንዳይገባ እሰጋለሁ። ከኋላዋ ያለው መስኮት በፊልሙ ስለሚታይ፣ የመስኮቱ ብረት መላላቱን ሌባ አይቶ እንዳያውቅ እሰጋለሁ። «እማማ፣ ድምፅሽ እየገባ ነው» ትለኛለች። በሆዴ ነበር የምሰጋው፤ ግን አንዳንዴ ያመልጠኛል።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ «የአንቺንም እጅ ልቅረጸው» ብላ ተነሣች። እምቢ አልኩ። ለምን እንደሆነ ለመናገር የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ወደኖርኩበት ቤት መመለስ አለብኝ።

ያኔ ስሜ ጎርጓሪት ነበር። ትክክለኛ ስሜን የሚጠራው መምህሬ ብቻ ነው፤ እሱም ሲቆጣ። የተዘጋ ነገር ማየት አልችልም ነበር። የራዲዮናችንን ጀርባ ፈትቼ ዜና አንባቢውን ፈልጌዋለሁ። የአባቴን ሰዓት ሆድ ከፍቼ የሚቆጥረውን ሰው ፈልጌያለሁ። ሁለቱንም አላገኘኋቸውም፤ ግን ስከፍት ወጥተው ሄደው ይሆናል ብዬ አዝኜ ነበር እንጂ የሉም ብዬ አልነበረም።

አባቴ ቀራጺ ነበር። የሚሠራበት ክፍል ከመኝታዬ ጋር በአንድ የሳንቃ ግድግዳ ብቻ ይለያያል። ሳንቃው ላይ የእኔን ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለች። የመዶሻውን ድምፅ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ጠዋት ጠዋት ድምፁ ይዘገያል፤ ይመታል፣ ያርፋል፣ ቆይቶ ይመታል። ከምሳ በኋላ ግን ይፈጥናል፤ እኩል እኩል፣ እንደ ዝናብ። አባቴ ጠዋት እንቅልፉን ስላልጨረሰ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ስለጠገበ ነው ብዬ ለራሴ አስረድቼ ነበር። እናቴ ከምሳ በኋላ መጥረጊያ ይዛ «ልጥረግ» ብላ ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል፤ ቀዳዳዋም ከወዲያ በኩል በጨርቅ ትደፈናለች። የምትወጣው ሲመሽ ነው፤ ፀጉሯ ሰጋቱራ ለብሶ። ወለሉ እንደነበረ ነው። እናቴ መጥረግ አትችልም ብዬ አፍርላት ነበር። ለጎረቤትም ተናግሬባታለሁ።

በዚያ ዓመት አዲሱ ቲያትር ቤት ባለ ሁለት መዝጊያ ትልቅ በር አባቴን አዘዘው። ወፎችና ፊቶች የሞሉበት በር። የቲያትር ቤቱ ኮሚቴ ግን በሩ ሲሠራ ይቀረጽ አለ። ፊልሙ በከተማው እየታየ ሰው ይጠራል፤ በኋላም የማን እጅ እንደሠራው ማስረጃ ይሆናል። ቀረጻውን አይተው ነው ሥራውን የሚያጸድቁት። አባቴ «እሺ» አለ፤ ምሳውን ግን ሳይጨርስ ተነሣ። በሳንቃው በኩል ሲነጋገሩ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

«ካዩት ለሌላ ሰው ይሰጡታል» አለ አባቴ።

«አያዩትም» አለች እናቴ።

የማይታየው ነገር ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በግራው መዝጊያ ላይ ስንጥቅ ነበር፤ አባቴ በኮላና በሰጋቱራ ሲደፍናት አይቻለሁ። የቤተሰብ ምስጢር ተካፋይ በመሆኔ ደረቴ ተነፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስንጥቋ ላይ እደገፍ ነበር።

ፊልም አንሺው ወጣት ሰው ነው፤ ኮፍያ ከራሱ አይጠፋም። ካሜራው ውስጥ ለማየት ሲያጎነብስ የኮፍያውን አፍ ወደ ኋላ ያዞረዋል፤ ቀና ሲል መልሶ ያስተካክለዋል። ካሜራውን እንደ ግድግዳ ሰዓት በመዘውር ይሞላዋል። እኔም ከእግሩ ሥር አልጠፋ አልኩ። ያ ምንድን ነው፣ ይሄስ፣ ይከፈታል ወይ? በመጨረሻ ታክቶት ቀረጻው ያለቀበትን ጥቅልል በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ ክብ ጣሳ ውስጥ ከተተው፤ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገና አሳየኝ።

«አባትሽ አሁን እዚህ ውስጥ ገባ» አለኝ ጣሳዋን መታ መታ እያደረገ። «ብርሃን ካየች ግን አለቀ። ውስጥ ያለው ሁሉ ይቃጠላል።»

አባቴን ዞሬ አየሁት፤ ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ቆሟል። አልገረመኝም። ዜና አንባቢውም እንዲሁ ነው፤ በየቤቱ ራዲዮ ውስጥ አለ።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ደስ ብሎት ዋለ። አባቴ እንጨት ሲመርጥ፣ በከሰል ሲነድፍ፣ እጁን አጣምሮ በሩን ትክ ብሎ ሲመለከት ተቀረጸ። እጁን አጣምሮ በመቆም ብቻ አንድ ጣሳ ሞላ። በሁለተኛው ቀን ፊልም አንሺው ካሜራውን አስጠጋና «ጋሼ፣ አሁን እጅዎን ብቻ» አለ።

እኔ የሥራ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። አባቴ መሮውን የወፏ ዓይን ላይ አሳረፈ። መዶሻውን አነሣ። መሮው ተንሸራቶ አጠገቤ ወደቀ።

«ይህች ልጅ ነክታኝ ነው» አለ አባቴ።

አልነካሁትም። ግን ሁልጊዜ የምነካ ስለሆንኩ እኔም አመንኩት። ወደ ክፍሌ ተባረርኩና ዓይኔን ቀዳዳዋ ላይ አደረግኩ። መሮው እንደገና ወደቀ። አሁን የነካው ሰው የለም። እጀታው ቅባት ነክቶታል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አባቴ የግራ እጁን በቀኙ ይዞ ቆመ። ፊልም አንሺው ኮፍያውን አስተካከለና ወደ እናቴ ሄደ። በሩ አጠገብ በሹክሹክታ ተነጋገሩ።

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? ጣሳዎቹን ኮሚቴው ቆጥሮ ነው የሰጠኝ፤ ቆጥሮ ይረከበኛል። የቀረጽኩትን መጣል አልችልም።»

«ማን ጣል አለህ?» አለች እናቴ። «ያቺ የትኛዋ ናት?»

«ሦስተኛዋ።»

የቀሩትን ሁለት ጣሳዎች በሥራ ክፍሉ፣ በመሣሪያዎቹና በበሩ ወፎች ሞላቸው፤ የአባቴን እጅ ዳግም አልጠየቀም። የሚወስደው መኪና የሚመጣው ሰኞ ነው። ያረፈበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ በቀን እንደ ምድጃ ይግላል። እናቴ ጣሳዎቹ እኛ ቤት ቀዝቃዛ ቦታ ይቆዩ አለችው። አመሰገናት። እናቴ ወተትም ስጋም እንዳይበላሽባት የምትጨነቅ ሰው ስለነበረች ለጣሳ መጨነቋ አልደነቀኝም። አራቱን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋባቸው ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ከዚያ ሦስተኛዋን ይዛ ወደ አልጋዬ መጣች። ቁምሳጥኑ ከአራት በላይ አይዝም አለችኝ። አልጋዬ ሥር አስቀመጠቻት፤ ፊት ለፊቴም በርከክ ብላ ሁለት ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ስሚ። ይህችን ጣሳ እንዳትነኪ። በተለይ ፕላስተሯን እንዳትልጪ። በተለይ ደግሞ ነገ እኔና አባትሽ ገበያ ስንሄድ፣ ብቻሽን ስትሆኚ፣ በዚህ መስኮት ፀሐይ ሲገባ እንዳትከፍቻት። ገባሽ?»

ገባኝ። እንዲህ አድርጋ ዘርዝራ ከልክላኝ አታውቅም ነበር። አብዛኛውን ጊዜ «ተዪ» ብቻ ነው የምትለኝ። ከአምስቱ አንዷን ለእኔ አደራ በመስጠቷ ኮርቼ በማግሥቱ ጠዋት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። የሰባት ዓመት ልጅ ብቻዋን ትተው ገበያ መሄዳቸውን ዛሬ ሳስበው ያርበደብደኛል፤ ክብሪቱ አለ፣ መሮው አለ፣ የጓሮው በርሜል ውኃ አለ። ያኔ ግን ያስጨነቀኝ ጣሳዋ ብቻ ናት። እስከ ሃያ ልቁጠርና እረሳታለሁ ብዬ ቆጠርኩ። አልረሳኋትም። እስከ ሃምሳ ቆጠርኩ። አባቴን እዚያ ጨለማ ውስጥ አየር እንዳያጥረው ብዬ ደግሞ አሰብኩ። ደግነት ነበር ዋናው ምክንያቴ፤ ቢያንስ ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው።

የፕላስተሩ ጫፍ ወደ ላይ ታጥፏል፤ ልክ በጥፍር የሚያዝ ያህል። ሳብኩት፤ ተላጠ።

በጥቁሩ ወረቀት ውስጥ ያገኘሁት አንድ ረጅም፣ ግራጫ፣ የመድኃኒት ሽታ ያለው ጥብጣብ ነው። መስኮቱ ጋ ወስጄ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። አባቴ የለም። ገለበጥኩት፤ በወዲያ በኩልም የለም። «አባዬ» ብዬ ቀስ ብዬ ጠራሁት። ጥቅልሉን ሁሉ ተርትሬ ወለሉን ከሞላሁ በኋላ ነው ፊልም አንሺው ያለው ትዝ ያለኝ። እንዳገኘሁት መልሼ ጠቀለልኩት፤ እኩል አልሆነልኝም። ፕላስተሩን በምራቄ አርሼ ለጠፍኩት። ሲመለሱ እናቴ አልጋዬ ሥር ጎንበስ ብላ አየችና ቀና አለች። ከገበያ ያመጣችልኝ ከረሜላ ከወትሮው እጥፍ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ነው። ቁርስ ላይ አባቴ ሻይ ሲያነሣ ብርጭቆው ከሰሃኑ ጋር ተንቀጫቀጨ። ጣቶቹን አየኋቸው። በነፋስ ላይ እንዳለ ቅጠል ይንቀጠቀጣሉ። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ብርሃን ገብቶበታል። አቃጥዬዋለሁ።

አባቴ ከዚያ በፊት ለወራት ሻዩን የሚጠጣው እኔ ትምህርት ቤት ከሄድኩ በኋላ፣ ብቻውን ነበር። ያን እሑድ እንዴት እንደረሱኝ አላውቅም። እኔ ግን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትናንት ከፈትኩ፣ ዛሬ እጁ ተቃጠለ። የቀረው ሰውነቱ ሳይነድ ላድነው ተነሣሁ። የሚሠራበትን ክፍል መስኮቶች ዘጋሁ፤ ብርድ ልብስ ሰቀልኩባቸው። ወደ ግቢ ሲወጣ ጃንጥላ ይዤ ከኋላው ሮጥኩ፤ ቁመቴ ስለማይደርስ ጃንጥላው ጀርባውን እየወጋው አብረን መጸዳጃ ቤት ድረስ ሄድን። የክረምት ካልሲዬን አምጥቼ እጁ ላይ እንዲያጠልቅ ለመንኩት። «ይህች ልጅ ፀሐይ ጠላች፤ ሐኪም ይያት» አለ ለእናቴ። እናቴ አየችኝ፤ ካልሲውን አየችው፤ እጄን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝና በሩን ዘጋች።

«እማዬ፣ አባዬን አቃጠልኩት» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ምራቁንም ሳላስቀር።

ሽርጧን ወደ ፊቷ አነሣች። ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር፤ ረጅም ጊዜ። አስለቀስኳት ብዬ እኔም አለቀስኩ። ሽርጡን ስታወርድ ዓይኗ ቀልቷል፤ እንባም አለበት። የሳቅ እንባ መሆኑን ለማወቅ አርባ ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል፤ ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ ሳቅ ነበር ብዬ አልምልም።

«የአባትሽን እጅ አንቺ አላቃጠልሽውም» አለችኝ። «ከዚህ በፊትም እንዲሁ ነበር። ለማንም አትናገሪ። ማንም ቢጠይቅሽ…» አለችና ትንሽ አሰበች። «ማንም አይጠይቅሽም።»

አላመንኳትም። ትልቅ ሰው ልጅ ሲያባብል የሚለው ነው ብዬ ተውኩት።

ፊልም አንሺው ጣሳዎቹን ወስዶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ኮፍያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ይዞ ነበር። አራቱ ጣሳዎች ጥሩ ወጥተዋል፤ ሦስተኛዋ ግን ነጭ ናት፤ ምንም የለባትም። ካሜራው ላልቶ ብርሃን አስገብቶ እንደሆነ፣ ወይ እሱ ራሱ ሲጠቀልል ተሳስቶ እንደሆነ አያውቅም። እየፈራ ጣሳዋ ተነክታ እንደሆነ ጠየቀ።

እናቴ የቀኝ እጇን አነሣች። «እኔም ባለቤቴም አልነካናትም። ፈጣሪ ምስክሬ ነው።»

እናቴ በሐሰት የማትምል ሴት ነበረች። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም አመናት። እኔ ከቀሚሷ ኋላ ቆሜያለሁ። ዓይኑ በእኔ ላይ አለፈ፤ አልቆመም። ልጅን ማን ይጠይቃል?

ሰውየው ተቀመጠና ራሱን ያዘ። ኮሚቴው ይህን ካወቀ ሁለተኛ ካሜራ አያስነካኝም አለ። እናቴ እኛ ለማን ብለን እንናገራለን አለችው። ሻይ ሰጠችው። ከዚያ የጎደለው የእጁ ቀረጻ ብቻ ከሆነ ከሰዓት በኋላ መጥተህ ቅረጸው፣ ካሜራህን አስጠጋ፣ ፊት አያስፈልግም አለችው። እሱም እሷም ብዙ ሳይተያዩ ተስማሙ። የባለቤቷን የሥራ ጋዋን ለብሳ ስትወጣ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ ካሜራውን የሞላው ይመስለኛል። እኔ ያን ከሰዓት ጎረቤት ተላክሁ። በአጥር በኩል የሰማሁት መዶሻ ግን እኩል እኩል ነበር፤ እንደ ዝናብ።

ፊልሙ በሩ በሚመረቅበት ሰሞን አዳራሽ ውስጥ ታየ። ከአባቴና ከእናቴ መካከል ተቀመጥኩ። አባቴ እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ሸሽጓል። ግድግዳው ላይ አባቴ እጁን አጣምሮ ቆመ፤ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሁለት ግዙፍ እጆች መጡ። መሮውን የወፏ ዓይን ላይ አሳረፉ። ዓይኗ ሦስት ምት ሳይሞላ ተከፈተች።

ልጅ የእናቱን እጅ አይስትም። በልጅነቷ ቢላዋ ሲቆርጣት የቀረች ጠባሳ የግራ አውራ ጣቷ ላይ አለች፤ አሁን ግድግዳው ላይ በር ታክላለች። ነገሩ ሁሉ በአንዴ ተገለጠልኝ፤ እኔ የአባቴን እጅ አቃጠልኩ፤ እናቴ የራሷን ሰጠችው። አፌን ከፈትኩ። እናቴ ዓይኗን ከፊልሙ ሳታነሣ ከረሜላ ከተተችበት።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ከፊታችን ዞር ብሎ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» አለ።

«አሜን» አለ አባቴ። ከጉልበቱ መካከል አንድ እጁን አወጣና በእኔ ጭን ላይ አሳልፎ የእናቴን እጅ ያዘ። ሁለቱም አብረው ተንቀጠቀጡ።

ነገሩን የገጣጠምኩት እናቴ ካለፈች በኋላ ነው። ቁምሳጥኑን ባዶ ስናደርግ አየሁት፤ እንኳን አምስት ጣሳ እኔ ራሴ እገባበታለሁ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የታጠፈችው የፕላስተር ጫፍ መጣችብኝ። ነገ፣ ብቻሽን፣ በዚህ መስኮት። ዕቃ ሊያወጣ የመጣው ሰው ምን ሆንሽ እስኪለኝ ድረስ ሳቅኩ። ምስኪኑ ፊልም አንሺ ዕድሜውን ሁሉ ካሜራውን ሲጠረጥር እንደኖረ ሳስበው ግን አሁንም ሆዴ ይባባል።

እንግዲህ የእኔም እጅ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የአባቴን መንገድ ይዟል። ለልጅ ልጄ ይህንን ብነግራትም አልተወችኝም። መንቀጥቀጡ ይታይ አለች፤ እንዲያውም እሱ ነው የሚያምረው አለች። የጠየቀችኝን ሁሉ እሺ ማለት ስለለመድኩ አንዲት ማንኪያ ስሞርድ ቀረጸችኝ። መልሳ ስታሳየኝ ፊቴን አዞርኩ። ይህን ያየ ሰው የእሷንም ሥራ እንዳይንቅባት ሰጋሁ። ነገ ለሰው ሁሉ እለቀዋለሁ አለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትታ ልብስ ልታሰጣ ወጣች።

የአምስት ዓመት ልጇ አጠገቤ ነበረች። እኔ የተቀረጸው እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም፤ እሷ ግን የዚያን ስልክ ሆድ ዕቃ በቃሏ ታውቀዋለች። ስልኩን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩት። ጎንበስ ብዬ ሁለት ትከሻዋን ያዝኩ።

«ስሚ የኔ እናት። ይህችን ስልክ እንዳትነኪ። በተለይ የእኔ እጅ ያለበትን እንዳታጠፊው። በተለይ ደግሞ አሁን፣ እኔ ውኃ ልጠጣ ስሄድ፣ ማንም ሳያይሽ እንዳትነኪው። ገባሽ?»

ገባኝ አለች። ወጥ ቤት ገብቼ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣሁ። ሁለተኛ ጨመርኩ። ጊዜ ልስጣት ብዬ ብርጭቆውን አጠብኩት፤ የታጠቡትንም ደግሜ አጠብኩ።

ስመለስ እንዳለች ናት። ሁለት እጆቿን ከመቀመጫዋ ሥር አድርጋ ተቀምጣባቸዋለች፤ እንዳያመልጧት። ፊቷ ቀልቷል። ስልኩ ንቅንቅ አላለም።

«አልነካሁትም» አለችኝ በኩራት።

ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። እጄ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ልጅቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታየዋለች።

«አንቺ ደግሞ በማን ወጣሽ?» አልኳት።